ከአንድ ግቢ አንድ ሰው

የታጨደ ሣር ሽታ ሰው ሁሉ ይወደዋል ይላሉ። እኔ አልወደውም፣ አልጠላውምም። ሲሸተኝ ግን እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ የድሮው አይሮፕላን ሜዳ ዳር ላይ ጎማው ተነፈሰና ወረድን። ሜዳው ላይ ሁለት ሴቶች ለከብቶቻቸው ሣር ያጭዳሉ። ሽታው መጣ፣ እኔም ቆምኩ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ መቆም አይመቸኝም፤ ቢሆንም ቆምኩ። ባጃጅ ነጂው ጎማውን እየፈታ ቀና ብሎ፣ "እማማ፣ ምነው? ደከመሽ እንዴ?" አለኝ። "አንተ ምን አገባህ፣ ጎማህን ቀይር" አልኩት። ሳቀ። የዛሬ ልጆች ስትቆጣቸው ይስቃሉ፤ ጥሩ ጠባይ ነው፣ እኛ እናኮርፍ ነበር።

አሁን አይሮፕላኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው፣ አስፋልት ላይ፣ በአጥር ውስጥ። በእኛ ጊዜ ግን ሜዳው የከተማዋ መሃል ነበር፤ ጂንካ ማለት በሣር ሜዳ ዙሪያ የተሰበሰቡ ቤቶች ማለት ነበር። ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ልብስ አጥበን እናሰጣበታለን። አይሮፕላን የሚመጣ ቀን ጥበቃው ፊሽካውን ይነፋል፤ ያኔ ከብት ነጂው ከብቱን፣ እኛ ልብሳችንን ይዘን እንሮጣለን። አይሮፕላኑ ወርዶ፣ ፕሮፔለሩ ቆሞ፣ በሩ እስኪከፈት ከተማው ሁሉ ዳር ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ምን እንደለበሰ ማየት አለብንና! ቤል ቦተም ሱሪ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከመሰላሉ ሲወርድ ንፋስ ገብቶበት እግሩ ሁሉ ተርገበገበ፣ ሳቅን። በሳምንቱ ወንድሜ ዳንኤል ያንን ካልሰፋህልኝ ብሎ አባዬን አስጨነቀው። ጨርቁ ስላልበቃ አባዬ ከጉልበት በታች በሌላ ቀለም ቀጠለለት። ዳንኤል ለብሶት ቅዳሜ ገበያ መሃል ሲያልፍ የሙዝ ሻጮቹ ያጨበጭቡለት ነበር። ያኔ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ በስሙኒ ነበር፣ የሚሸከምልህ ሰው ነው እንጂ የሚጠፋው ሙዙ አልነበረም።

አባታችን ወንጌላዊ ነበር። ከጎፋ በእግሩ የመጣ፣ የአሪን መንደሮች በጭቃውም በፀሐዩም የዞረ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ያ መንግሥት ከመጣ በኋላ፣ ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገች። ቆይቶ ደግሞ በዚያው ቆርቆሮ ሥር የቀበሌ ስብሰባ ይካሄድ ጀመር። አባዬም ታስሮ ሲፈታ ልብስ ሰፊ ሆነ። በረንዳችን ላይ በእግር የምትረገጥ መኪና አቁሞ የአቡጀዴ ቀሚስ፣ የካኪ ቁምጣ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። እሁድ ጠዋት መኪናዋን ወደ ውስጥ ያስገባታል። ምእመናኑ የተቀደደ ልብስ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ሊያሰፉ የመጡ መስለው አንድ በአንድ ይገባሉ። አባዬ ምንም ጨርቅ ሳያስገባ ፔዳሉን ይረግጣል፤ መኪናዋ ገርርር ማለት ስትጀምር ዳንኤል ዝቅ ባለ ድምፅ የዮሐንስን ወንጌል ያነባል። በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ አብዮት ጠባቂ የሚሰማው ስፌት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ያ ወንጌል ሲነበብ ከኋላው የስፌት መኪና ይሰማኛል። በዚያ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ማጉያ የሚሰብኩት ልጆቻችን ይህን ብነግራቸው አሮጊቷ ጃጀች ነው የሚሉኝ።

በግቢያችን ጥግ ባለችው ጎጆ የማቴዎስ እናት ትኖር ነበር። የበና ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ታማ፣ አንድ ልጇን ይዛ ለሕክምና ወደ ጂንካ መጣች፤ ስትድን መሄጃ ስላልነበራት አባዬ ጎጆዋን ሰጣት፣ በዚያው ቀረች። ማቴዎስ የሚለውን ስም ያወጣለት አባዬ ነው። አማርኛዋ የራሷ አማርኛ ነበር፤ ትልቅ ትንሽ፣ ወንድ ሴት ሳትል ሰውን ሁሉ አንተ ነበር የምትለው። የቀበሌውን ሊቀመንበርም አንተ፣ እናቴንም አንተ። "አንተ ጨው አለህ?" ብላ ወደ ኩሽናችን ስትገባ እናቴ ከሳቋ የተነሳ ጨው የት እንዳስቀመጠች ይጠፋት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ከአንድ ማሰሮ ሸፈሮ እየቀዱ በቅል ይጠጡ ነበር፤ የቡና ገለፈቱን የምታመጣው እናቴ፣ የምታፈላው እሷ። ማቴዎስና ዳንኤል እኩዮች ናቸው፣ ትምህርት ቤትም አንድ ወንበር ላይ ነበሩ። በአንድ ኮንጎ ጫማ ተራ በተራ ለፈተና ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። እናቴ ያኔ ትስቅ ነበር፤ ይህን የምለው በኋላ ያወቋት ሰዎች ስለማያምኑኝ ነው።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። በፊተኛው ቀን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ፣ ትልቅ ሰው በአይሮፕላን ስለሚመጣ ወጣት ሁሉ ማጭድ ይዞ ሜዳው ላይ ለልማት ዘመቻ እንዲገኝ አስነገረ። ሄድን። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ቀን ነበር። ወንዶቹ ተሰልፈው እየዘፈኑ ያጭዳሉ፣ እኛ ሴቶቹ ከኔሪ ወንዝ ውሃ እየቀዳን እናጠጣለን፣ ጎፈሬ ሁሉ በሣር ተሞልቷል። ዳንኤል አባዬ የሰፋለትን አዲሱን ካኪ ኮት ሣር እንዳይነካው ብሎ ቤት ትቶት ነው የመጣው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ሞተር ሰማንና ሁላችንም ወደ ሰማይ አየን። ሰማይ ላይ ምንም የለም። የመጣው ኦራል መኪና ነው፣ አንድ አይደለም፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወርደው ሜዳውን ከበቡት። የውትድርና አፈሳ መሆኑ የገባን ዘፈኑ ካቆመ በኋላ ነው።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስል ሰዎች ይቆጡኛል፣ ይቆጡ። ዩኒፎርሙን የሚሰፋለት አባዬ ነበር፤ አባዬ የታሰረ ጊዜም ለእናቴ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አስወጥቶላት ያውቃል። የዚያን ቀን፣ "ከአንድ ግቢ አንድ ሰው ነው፣ አትጩሁብኝ፣ የተረፈው ወደ ቤቱ ይመለሳል" ብሎ ለፈፈ። ወላጆች እየሮጡ መጡ። አባዬም መቀሱን እንደያዘ መጣ። የማቴዎስ እናት ከሁሉ ቀድማ ደርሳ የታጨደው ሣር ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር በሁለት እጇ ይዛለች። አትጮህም፣ ይዛ ነው ያለችው። ሊቀመንበሩ አባዬን በክንዱ ይዞ ወደ እኔ ጠጋ አደረገውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወንጌላዊ፣ ከግቢህ የበናዋ ልጅ ይበቃል። ያንተን ይዘህ ግባ" አለው። ቤተ ክርስቲያኗ ከታሸገች ወዲህ ወንጌላዊ ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ውለታ መዋሉ ነው።

አባዬ ዝም ቢል አልቆ ነበር። ምንም መናገር አይጠበቅበትም፣ ዳንኤልን ይዞ ዞር ማለት ብቻ። እኔ እንዲያውም የውሃ ጀሪካኔን አንስቼ ነበር። አባዬ ግን የማቴዎስን እናት አያት። ከዚያ፣ "አይ፣ የእኔ ልጅ ይሂድ" አለ።

"አልሰማኸኝም መሰለኝ" አለው ሊቀመንበሩ።

"ሰምቼሃለሁ። እሷ ከሱ ሌላ ማንም የላትም።"

"አንተስ ስንት ወንድ ልጅ አለህና ነው?"

አባዬ ዳንኤልን ጠራው። ዳንኤል በሸሚዙ ላቡን እየጠረገ መጣ። አባዬ ትከሻውን ይዞ በጎፍኛ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው፤ አልሰማሁትም፣ በኋላም አልጠየቅኩም። ዳንኤል የማቴዎስን እናት አየ፣ እኔን አየ፣ "እሺ አባዬ" አለ። በቃ። ማጭዱን ሰጠኝና፣ "የጎረቤት ናት፣ መልሺልኝ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ፊቱ እንዴት እንደነበረ አሁን ለማስታወስ ስሞክር የሚታየኝ የማጭዷ እጀታ ነው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ አንጀቴ ተቃጠለ ይላል። የእኔ አልተቃጠለም። ዝም አለ፣ ዝም እንዳለ ቀረ።

እናቴ ገበያ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጎደሬና ጨው ተሸክማ ስትገባ አባዬ ተነሥቶ ነገራት። እቃዋን አላወረደችም። "ማን ጠየቀኝ?" አለችው። "ጊዜ አልነበረም" አላት። "እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች ደግማ። አባዬ በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየና፣ "ማርታ አለችን" አላት። እናቴም አየችኝ። እንግዲህ እኔ መጽናኛ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው፤ መጽናኛነት ምን ያህል እንደማይሆንልኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። እግዚአብሔር አንድ ልጁን ለዓለም ሰጠ የሚለውን ጥቅስ ሕፃናት ሁሉ በቃላቸው ይሉታል፣ ትልልቆቹም ሲሉት ያለቅሳሉ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ጥቅሱ ላይ እናት የለችም፣ እህትም የለችም ብዬ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው የማስበው።

በማግስቱ ጠዋት የማቴዎስ እናት ልጇን በእጁ ይዛ በረንዳችን ላይ ቆመች። ትንሽ ጥቅሉን አሸክማዋለች፤ ብርድ ልብሱንና ደብተሮቹን። አባዬን፣ "ውሰድ፣ ያንተ ነው" አለችው። አባዬ ግራ ገባው። ስጦታ መሆኑን ነገራት፤ ጌታ ለእኛ በነጻ እንደሰጠን እሱም በነጻ መስጠቱን፣ ምንም እንደማይፈልግ ነገራት። ስታዳምጠው ቆይታ ራሷን ነቀነቀች። "በነጻ የሚሰጠኝ ሰው የናቀኝ ሰው ነው" አለች። "በኛ አገር ሰው ፍየል ሰጠህ፣ አንተም ፍየል ትሰጣለህ። ከዚያ በኛ ቋንቋ ቤል ናችሁ፣ ወንድም ናችሁ። ልጆችህም ልጆቹ ናቸው። አንተ ልጅ ሰጠኸኝ። ምን አለኝ? ከብት የለኝ። ይሄ ነው ያለኝ።" ማቴዎስ መሬት መሬት ያያል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጸጋ የሰበከ ሰው፣ እዚያች በረንዳ ላይ የሚናገረው አጣ። እንዲህ ያለ ስጦታ ተሰጥቶ ዝም ብሎ ይያዛል ብሎ ማሰቡ ነበር ስሕተቱ። ልጁን ካልተቀበለ ሴትዮዋ የተናቀች ሆና መኖሯ ነው፤ ተቀበለው።

እንግዲህ ሁለት እናቶች አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ቀሩ። የማቴዎስ እናት ቃሏ ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ በጎጆዋ ደጅ ሲያልፍ ግባ አትለውም፣ ውሃ እንኳ አትሰጠውም፤ የሌላ ሰው ልጅ ነዋ! ብትጠራው ስጦታዋን መልሳ መውሰዷ ይሆናል። በር ላይ ተቀምጣ ሲያልፍ ታየዋለች፣ እሱም ያያታል፣ ያልፋል። እኛ ቤት በዳንኤል መደብ ላይ ይተኛል፣ ከእኛ ማዕድ ይበላል፣ የአባዬን ጨርቅ ይቆርጣል። እናቴ ሳህኑን ታቀርብለታለች፤ አንድም ቀን ሳይበላ አላደረችውም። ስሙን ግን አትጠራም። "ያ ልጅ በልቷል?" ትለኛለች፣ አጠገቧ ቆሞ። የዳንኤል ካኪ ኮት ከመደቡ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የክረምቱ ዝናብ ከማጎ በኩል ሲመጣ ማቴዎስ በቀጭን ሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ ያ ኮት ከራስጌው ነበር። ማንም ልበሰው አላለውም፣ እሱም አልነካውም። የጠዋቱ ሸፈሮም ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ጉርብትናቸውን አልተዉም፣ እሳት ይጫጫራሉ፣ ግን ማሰሮዋ አልተጣደችም።

ከዳንኤል የደረሰን አንድ ቃል ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣ ሾፌር፣ "ደህና ነኝ፣ ኮቴን ከአይጥ ጠብቁልኝ ብሏል" ብሎ ነገረን። ሌላ የለም። ራዲዮ ላይ ጦርነት ይወራል፣ ከተማዎች ስማቸው ይጠራል፣ የት እንደሆኑ አናውቅም። አንድ እሁድ፣ መኪናዋ ያለ ጨርቅ እየተረገጠች፣ የዳንኤልን ቦታ ይዤ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ እዚያ አንድ ልጁን ሰጠ የሚለው ጥቅስ ላይ ደረስኩ። እናቴ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ገባች። "ቆይ" አለችኝ። አባዬን ነበር የምታየው። "እሱ ልጁን በሦስተኛው ቀን መልሶ አገኘ። የእኔ ስንተኛው ቀን ላይ ነው?" አለችው። የአባዬ እግር ቆመ፣ መኪናዋ ዝም አለች። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ በእናቴ ይሁን ከውጭ የሚሰማን አለ ብሎ አላውቅም። ከዚያ አባዬ ፔዳሉን እንደገና መርገጥ ጀመረ፣ እኔም ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፍኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። ወደ አመሻሹ ላይ ቁልፍ እየተከልኩለት ነበር። "አባዬ፣ ይጸጽትሃል?" አልኩት። "በየቀኑ" አለኝ። ክር በመርፌ ሲያስገባ ቆየና፣ "ደግሜ ብጠየቅ ግን ያንኑ ነው የምለው" አለ። "እማዬንስ ትጠይቃታለህ?" አልኩት። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ በኋላ ነው ፀጉሩ በአንድ ጊዜ የነጣው፣ ወይም እኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ መንግሥት ወደቀ። በሬዲዮ ሰማን፣ ሊቀመንበሩ ጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ተከፈተች፣ ወንበሮቿ የሉም። ወታደሮች መመለስ ጀመሩ። እንዴት ያለ መመለስ! ከሰሜን ጫፍ በእግርና በልመና፣ ፂማቸው አድጎ፣ ጆንያ ለብሰው፤ በኮንሶ በቀይ አፈር አድርጎ የሚመጣ የጭነት መኪና ሁሉ ከጭነቱ ላይ ይጥላቸዋል። መኪና የሚቆመው ሜዳው ዳር ነው። እናቴ ጠዋት ወጥታ እዚያ ትቀመጣለች። ማቴዎስ ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ፀሐይ ሲበረታ ጃንጥላ ይይዝላታል፤ እሷም ዞር ብላ አታየውም፣ ጃንጥላውንም አትከለክለውም። እኔ ምሳ አመላልሳለሁ። ሣሩ እስከ ጉልበት አድጎ ነበር፤ አይሮፕላንም አይመጣ፣ የሚያጭደውም የለ።

አንድ ቀን ከሰፈራችን የተወሰደ ልጅ ወረደ። እናቱ እንኳ ቶሎ አላወቀችውም። እናቴን ሲያይ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። ምንም ሳይናገር ነው የገባን። ዳንኤል አብሮት እንደነበር፣ ሰሜን ውስጥ አንድ ተራራ ላይ ከጎኑ እንደወደቀ፣ በድንጋይ እንደሸፈኑት ነገራት። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ፣ "ጫማ ነበረው?" ብላ ጠየቀችው። "ነበረው እማማ፣ ጥሩ ቡትስ ነበረው" አላት። "ደግ" አለች። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱ ራሱ ባዶ እግሩን ነበር። ተነሣን፣ ወደ ቤት ሄድን። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ምእመናኑ መጥተው በተከፈተችው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ፣ ያለ ስፌት መኪና፣ ጮክ ብለው ዘመሩ። እናቴ አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም። የጮኸችው የማቴዎስ እናት ናት። መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እንደ እናት አለቀሰችለት፣ ሰው ሁሉ አያት።

ለቅሶተኛው ሲበተን እናቴ ተነሥታ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደችው። አራገፈችው፤ አቧራ ነው እንጂ አይጥ አልነካውም። ከዚያ፣ "ማቴዎስ" አለች። መጀመሪያ ሌላ ሰው የጠራች መሰለኝ። ማቴዎስም አላመነም፣ ቆሞ ቀረ። "ና፣ እጅህን አግባ" አለችውና አለበሰችው፤ ትከሻው ላይ ጠቦት ነበር፣ ቁልፉን ለመቆለፍ ታገለች። እጁን ይዛ ግቢውን አቋርጣ ወደ እናቱ ጎጆ በር ወሰደችው። አባዬ በረንዳው ላይ፣ እኔ ከኋላው ነበርን። የማቴዎስ እናት በር ላይ ተነሥታ ቆመች።

"ልጅሽን ውሰጂ" አለቻት እናቴ።

"አይሆንም። ያንተ ነው። ሰጥቻለሁ።"

"ያኔ የሰጠሽ ባሌ ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ አልሰጠሁሽም። ልጄን እየጠበቅኩ ነው የኖርኩት። አሁን የምጠብቀው የለም።" የኮቱን አንገትጌ አቃናችለት። "ዳንኤልን ዛሬ ነው የሰጠሁሽ። እኔ፣ እናቱ። ይኸው።"

የማቴዎስ እናት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ፣ "ምን እሰጥሃለሁ?" አለች። "ምንም የለኝም። ምን እሰጥሃለሁ?"

"ምንም። እሺ በይ።"

"እንዴት ብዬ?"

"በቃ እሺ በይ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አልናቅኩሽም፣ እህቴ፤ እሺ በይኝ ብቻ።"

ልጇን ከመስጠት ይልቅ ያ ከበዳት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። በመጨረሻ፣ "እሺ" አለች፣ እጇን ዘርግታ የልጇን እጅጌ ያዘች። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እናቴ ተመልሳ ስትመጣ በእኔ አጠገብ አልፋ ኩሽና ገባች፤ ጎደሬ መላጥ ጀመረች። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ስነሣ ማሰሮዋ ተጥዳ ነበር፣ ሁለቱም ቅላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ አይነጋገሩም።

ሁሉም አለፉ። መጀመሪያ አባዬ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ የማቴዎስ እናት። እሷ በኋላ በጂንካ ዳር መሬት አግኝታ በቆሎ ትዘራ ነበር፣ እሸቱ ሲደርስ የመጀመሪያውን ለእናቴ ታመጣለች። እናቴ፣ "ይሄ ብድር ምለሳ አይደለም አይደል?" ስትላት፣ "አይ፣ እሸት ነው" ትላለች። አሁን የሚያመጣው ማቴዎስ ነው፤ እሱም ሽማግሌ ሆኗል፣ የልጅ ልጆች አሉት። በየዓመቱ አመሰግናለሁ ብዬ እቀበለዋለሁ፣ እንደሄደም ለጎረቤት ልጆች አከፋፍለዋለሁ። ጥርሴን ያመኛል እላለሁ። ጥርሴን አያመኝም። ለእናቴ የተሰጠ ነው፣ የዳንኤል ነው፣ እኔ ምን ብዬ እበላዋለሁ? ጥቅሱ ላይ የለሁበትም ብያችኋለሁ።

ባጃጁ የተበላሸ ዕለት ቤት ስደርስ ማቴዎስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ የእሸቱ ጆንያ እግሩ ሥር ነው። ሣሩ ገና አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። "ሜዳው ላይ ሣር እያጨዱ ነው" አልኩት። "አየሁ፣ በዚያ ነው የመጣሁት" አለ። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም፣ ያን ዕለትም አላወራንም። ከዚያ፣ "ማርታዬ፣ በየዓመቱ ለጎረቤት ልጆች እንደምትሰጪው አውቃለሁ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ልጆቹ ናቸው። ከገበያው የሚጣፍጠው የማርታ በቆሎ ነው ይሉኛል።" ሳቀ፣ የሳቁም መጨረሻ ተቆረጠ። "እኔ ያለ ዳንኤል አልኖርም ነበር። አንቺ ደግሞ ያለ ዳንኤል ኖርሽ። ለእናትሽ አይደለም የማመጣው። እናትሽ ከሞቱ ቆዩ። ላንቺ ነው። አንዷን እንኳ ብዪልኝ።"

ከሰሉን አቀጣጠልኩ። የአንዷን እሸት ገለባ ገፍፎ ሰጠኝ፣ እኔ አገላበጥኩ። እንባ አልመጣም፣ እንዲመጣም አልጠበቅኩም። በቆሎዋ ስትፈነዳ ትንሽ ደነገጥኩ እንጂ ሌላ ምንም። ማቴዎስ ያየኛል፣ ያኔ እናቱ ጎጆዋ በር ላይ ቆማ እሺ እስክትል እንዳያት፣ እንደዚያ። አመዷን አራግፌ ያዝኳት፣ ትኩስ ነበረች።

"እሺ" አልኩት፣ ገመጥኳት።